ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን

ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከቦንጋ ገበያ ሙዝና ኮረሪማ ገዝቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ በግራ ኪሴ ያለው ስልክ ጠራ። እኔ ሁለት ስልክ እይዛለሁ። የቀኙ የራሴ ነው፤ የግራው የባለቤቴ የጥሩነሽ ነው። ጥሩነሽ ካረፈች ዓሥር ወር ሆናት። ስልኳን ግን አልዘጋሁትም። በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ስሄድም ይዤው እሄዳለሁ። ልጆቼ ያውቃሉ፤ እንዳላዩ ሆነው ያልፉኛል፤ እግዜር ይስጣቸው።

«ሄሎ፣ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው?» አለ የወጣት ሴት ድምፅ።

«ባለቤቷ ታምሩ ነኝ።»

«ጋሽ ታምሩ፣ እንደምን አሉ? ሄለን እባላለሁ፤ ከካንሰር ምዝገባ ነው የምደውለው። መዝገባችን ላይ ያሉትን ሰዎች ሁኔታ እየተከታተልን ነው። እትዬ ጥሩነሽ ሕመማቸው ከተመዘገበ አምስት ዓመት አልፎታል። አሁን በሕይወት... ማለቴ፣ እንዴት ናቸው? ደህና ናቸው?»

ትሁት ልጅ ናት። «በሕይወት» ብላ ጀምራ መመለሷን ወደድኩላት፤ እኔ በእሷ ዕድሜ ቃሌን እንዲያ አልመልስም ነበር። መልሱን ግን አልሰጠኋትም። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ነገ ደውይልኝ ልጄ» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አየት አደረገኝና የከፈተውን ዘፈን ቀነሰው።

ሰው ለምን እንደዋሸ ራሱ ያውቃል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በካርድና በመዝገብ መካከል ስለሆነ ሄለን የምትሠራው ሥራ ምን እንደሆነ በደንብ ይገባኛል። እነዚህ ልጆች የማን ሕመም መቼ እንደተገኘ ይመዘግባሉ። ከዚያ ያ ሰው ስንት ዓመት እንደኖረ ያጣራሉ፤ ከነዋሪዎች መዝገብ፣ ከሞት ምዝገባ፣ ካልሆነም እንዲህ በስልክ። ሁሉንም አንድ ላይ አድርገው ከታመሙት ምን ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን እንዳዩ ያሰላሉ። አምስት ዓመት እንደ መስመር ናት። ጥሩነሽ ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ነው ከተባለበት ቀን አንሥቶ የኖረችው አራት ዓመት ከስድስት ወር ነው። ስድስት ወር ጎደላት። ሄለን ነገ ስትደውል «ደህና ናት» ብል ግን ጥሩነሽ በአንዲት ቃል መስመሩን ትሻገራለች። ማን ይመረምረኛል?

ችግሩ፣ እንዲህ ያለችውን ቃል ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተናግሬያታለሁ። ስለ ሌላ ሰው ነበር የተናገርኩት። ያን ጊዜ የተቆጣችኝም ራሷ ጥሩነሽ ነበረች።

ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቦንጋ ውስጥ በአንድ የሕክምና ተቋም ካርድ ክፍል ተቀጥሬ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቼ፣ መንገዱ የኔ ብቻ የሆነ ይመስል ደረቴን ነፍቼ የምሄድበት ጊዜ ነው። አያቴ በሹመት ከሰሜን የመጡ ሰው ነበሩ፤ አባቴም እኔም የተወለድነው እዚሁ ቦንጋ ነው። እንዲያም ሆኖ የአገሬው ቋንቋ ካፊኖኖዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ተወልጄ ባደግኩበት አገር አስተርጓሚ የሚያስፈልገኝ ሰው ነበርኩ። ያን ጊዜ አላፈርኩበትም፤ አሁን ነው የማፍረው።

በተቋሙ ውስጥ አንድ ዝምተኛ ቀዶ ሐኪም ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በርትቶ ታካሚ ሲጠፋ ወደ ካርድ ክፍል ይመጣና የቆዩ ካርዶች ያገላብጣል። አንድ ቀን ከካርዶቹ ቀና ብሎ፣ «ታምሩ፣ እኛ እብጠት ቆርጠን እናወጣለን፣ እንሰፋለን፣ ወደ ቤታቸው እንሸኛለን። ከዚያስ?» አለኝ። «ተመልሶ የመጣ ሰው ስናይ ድኗል እንላለን። ያልተመለሰውን ደግሞ ደስ ያለን ቀን ድኗል፣ የከፋን ቀን ሞቷል እንላለን። ይሄ ሕክምና ነው ወይስ ጥንቆላ?»

ከዚያ በኋላ እብጠት የተቆረጠላቸውን ሰዎች ስም ከካርድ ላይ አወጣን። እያንዳንዱ ሰው ከታከመ በኋላ ምን ያህል እንደኖረ ካላወቅን የምንሠራው ሥራ ይጥቀም ይጉዳ፣ ሰዎቹስ ምን ያህል ዘግይተው እንደሚደርሱን ለማንም ማስረዳት አንችልም ብሎ ያምን ነበር። በማስመሪያ ያዘጋጀው ቅጽ ሦስት ዓምድ ነበረው። አንደኛው «በሕይወት አለ» ይላል። ሁለተኛው «አርፏል፤ ያረፈበት ቀን» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አልተገኘም፤ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየበት ቀን» የሚል ነው። ይኼኛው አልገባኝም።

«ካልተገኘ ያው ሞቷል ማለት አይደል?» አልኩት።

«አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ያልተገኘን ሰው መግደል የኛ ሥራ አይደለም። ማኖርም የኛ ሥራ አይደለም። እስከታየበት ቀን ድረስ ካሉት ጋር እንቆጥረዋለን። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ዝም እንላለን።»

እሺ ብዬ ቅጹን ተቀበልኩ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ዝርዝሩን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ሺሺንዳ ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አውቶቡስ ከሚቆምበት ብዙ አይርቅም። መዝገብ ያዥዋ ቀጭን፣ ጠይም፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ነበረች። እርጥበት እንዳይበላው በላስቲክ የጠቀለለችውን ትልቅ መዝገብ ፈታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ስም እጠራለሁ፤ እሷ ገጽ ትገልጣለች። «አለ።» «አለች።» «አለ።» የጠራሁት ሰው ሁሉ አለ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ለሐኪሙ እንዴት አድርጌ እንደማበሥረው በልቤ ማሰብ ጀመርኩ።

ልጅቷ መዝገቡን አጠፈችና ሳቀች። «አቶ ታምሩ፣ እዚህ መዝገብ ላይ እኮ ሰው አይሞትም።»

«እንዴት ማለት?»

«እኛ ሰው አንሰርዝም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው መጥቶ በአፉ ካልነገረን እስክሪብቶ አናነሣም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቀበሌ ድረስ መጥቶ ሰርዙልኝ አይልም። ዓመት ሲወጣ የሚመጣ አለ። ጨርሶ የማይመጣም አለ። ታዲያ እኔ ማንን ልሰርዝ?»

ይህች ናት ጥሩነሽ። መዝገቡ ካልነገረኝ ቤት ለቤት መሄድ ግድ ሆነብኝና፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር መንገድ እንድታሳየኝና እንድታስተረጉምልኝ አብራኝ እንድትሄድ አዘዛት። እሷ ብዙም ደስ ያላት አልመሰለኝም።

ጥቅምት ሊያልቅ ነበር። ዝናቡ ቀነስ ብሏል፤ ጨርሶ ግን አልተወንም። የካፋ ዝናብ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ዕቃ እንደረሳ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል። በየጫካው ቡናው ቀልቷል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዛፉ ሥር ሳይነሣ ነበር የምንሄደው፤ ድምፅ ሰምተን ማን እንደሆነ የምናየው አጠገባችን ሲደርስ ነው። እኔ ለሥራ ጉዞ ብዬ የገዛሁት የቆዳ ጫማ ነበረኝ። ጥሩነሽ ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገችው። በመጀመሪያው ቀን ጭቃው ጫማዬን ሦስት ጊዜ ከእግሬ አወለቀው። በሦስተኛው ላይ ከጭቃው ጎትታ አወጣችልኝና «የምንሸኘው አንተን ነው ጫማህን?» አለችኝ። «አቶ» ማለቷን የተወችው ያን ቀን ነው።

ምሳችንን እሷ ነበረች የምትይዘው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቅል ጎደሬ፣ አንዳንዴም ቆንጥራ የምትበትንበት በርበሬ። ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ከዚያ ወዲህ ስንት ግብዣ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ግን ትዝ አይለኝም። ጎደሬው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጨውም ይጎድለዋል። ዛሬ ቢሰጡኝ ምናልባት አልበላውም። የሚናፍቀኝ ጎደሬው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሥራው ግን አልሄድልን አለ። የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር ሰዉ ገና ሲነጋ ቤቱን ዘግቶ ጫካ ይገባል። ደክመን ስንደርስ የምናገኘው የተዘጋ በርና የሚጮህ ውሻ ነው። ሦስት ቀን በከንቱ ከዞርን በኋላ መላ መጣልኝ። በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ እንድረስ አልኩ። ሊቀ መንበሩ ሐሳቡን ወደደው። «ወጣቶች ብቻችሁን በማለዳ ሰው ደጅ አትቁሙ፤ ነውር ነው» ብሎ ራሱ አብሮን ሊሄድ ተነሣ። የእድሩን ሰብሳቢ ጋሽ ኃይሌንም ለክብር ጨመረልን።

ጥሩነሽ ወደ ጎን ሳበችኝ። «በማለዳ፣ አራት ሆነን፣ ከሽማግሌ ጋር? ታምሩ፣ ይቅርብን።»

«እንቅልፍሽ እንዳይጎድል ነው?» ብዬ ሳቅኩባት።

እኔ የቦንጋ ልጅ፣ አንድ ሺህ ጊዜ ለቅሶ የደረስኩ ሰው፣ ምን እንዳሰበች እንዴት እንዳልገባኝ እስካሁን ይገርመኛል። ቅጹን ለመሙላት ስጣደፍ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

የዚያን ቀን የመጀመሪያው ስም ወልዴ ነበር። አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት እኛ ዘንድ ተቆርጦለታል፤ ከዚያም ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። ሚስቱ እትዬ አበበች ብቻዋን ቤቱን ይዛ ትጠብቀዋለች። ጎህ ሲቀድ ግቢዋ ደጃፍ ደረስን። ጋሽ ኃይሌ ብርዱን ፈርተው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ሊቀ መንበሩ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። እኔ ወረቀት ይዣለሁ።

እትዬ አበበች እንሰቷ መሃል ቅጠል ስትቆርጥ ነበር። ቀና ስትል መጀመሪያ የጋሽ ኃይሌን ጋቢ አየች። ከዚያ ኮፍያውን፣ ከዚያ ወረቀቱን። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለችና «ወልዴ፣ ወልዴ» እያለች ደረቷን መምታት ጀመረች።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ። እኛም ምንም ሳናጓድል እንደ መርዶ ነጋሪ ሆነን ነበር የሄድነው።

ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ከየጓሮው ይሮጥ ጀመር። ግቢው ባንዴ ሞላ። እኔ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ቅጽ ነው፣ ቅጽ ብቻ ነው» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ይባስ ብሎ ጋሽ ኃይሌ፣ «ለካ ይህን ደብቃችሁኝ ነው ያመጣችሁኝ» ብለው እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ሊቀ መንበሩ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል፤ ኋላ እሱም ዓይኑን ጠረገ።

ጥሩነሽ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የእትዬ አበበችን ሁለት እጆች ይዛ በካፊኖኖ ቀስ ብላ አነጋገረቻት። ምን እንዳለቻት ኋላ ነው የነገረችኝ። «ልንነግርሽ አይደለም የመጣነው፤ ልንጠይቅሽ ነው» ነበር ያለቻት። ይህን እየደጋገመች ስትላት ለቅሶው እየቀነሰ ሄደ። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ።

እትዬ አበበች ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካው እኔ ብቻ ነበርኩ። በምትችለው አማርኛ «አንተ ከሐኪም ቤት ነህ» አለች። «ወልዴ አለ?»

እንዲህ ያለ ፊት አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር፤ ስላየሁት ነው ያመንኩት። እንባው ገና አልደረቀም፤ ከሥሩ ግን ደስታ ሊወጣ በር ይፈልጋል። ያስለቀስኳት እኔ ነኝ። ማስቆም የምችለውም እኔ ነኝ።

«አለ» አልኩ። «አለ እትዬ፤ ደህና ነው።»

ጎረቤቱ እልል አለ። ትኩስ ቆጮ ከማር ጋር ቀረበ፤ ብሉ ተባልን። ጋሽ ኃይሌ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ መረቁኝ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቅጹን አውጥቼ በመጀመሪያው ዓምድ ምልክት አደረግኩ፦ በሕይወት አለ። ቀና ስል ጥሩነሽ እጄን እያየች ነበር። ቆጮውን አልነካችውም።

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ሄዱ። ጥሩነሽ እስከ ወንዙ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። እዚያ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ድንጋይ ጋ ቆመች።

«ወልዴ እንዳለ በምን አወቅክ?»

«አላወቅኩም። ስታለቅስ አላየሻትም? አንጀቴን በላችው።»

«የኔን ያልበላችው መሰለህ?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «መርዶ በስሕተት ቢነገር ሰው ኋላ ይስቅበታል። የምሥራች በስሕተት ሲነገር ግን ማን መልሶ ይወስደዋል? ከዛሬ ጀምሮ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር መንገድ ትወጣለች። አንተ ቦንጋ ነህ። የማያት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቁርጡን ፈልግላት። ቁርጡ ካልተገኘ ደግሞ አለመገኘቱን ንገራት።»

ቦንጋ ተመልሼ ለሐኪሙ ሳልደብቅ ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቅጹን ተቀብሎ ምልክቱን በላጲስ አጠፋውና ወልዴ ወደታከመበት ቦታ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ እስኪመጣ ሳምንታት ሄዱ። በመሃሉ ለሌሎቹ ስሞች ሺሺንዳ ስሄድ አየኋት። አውቶቡስ ቆሞ ሰው ይወርዳል። እትዬ አበበች ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለካፊያው የኮባ ቅጠል በራሷ ላይ ይዛ፣ የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ ፊት ፊቱን ታያለች። ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ ወደ ውስጥ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ምናልባት የተኛ ሰው ካለ ብላ ይሆናል። እኔ ከቀበሌው ግድግዳ ኋላ ተደብቄ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

መልሱ የመጣው ኅዳር ውስጥ ነው። አጭር ነበር። ወልዴ ሕክምናውን ጨርሶ፣ በካቻምናው ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ በእግሩ እየሄደ ወጥቷል። ተመልሶ እንዲታይ ተቀጥሮ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር የለም።

በዚህኛው ጊዜ ጊዜውን የመረጠችው ጥሩነሽ ናት። ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ቅጹም ኪሴ ውስጥ ታጥፎ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር በካፊኖኖ ስታስተምረኝ ሄድን። «ያን ቀን ሳላውቅ ነው የተናገርኩት፤ ይቅር በይኝ» የምትል ናት። እኔ እላለሁ፣ እሷ ታርመኛለች፤ እንደገና እላለሁ። ግቢው ስንደርስ ከመቶ ጊዜ በላይ ሳልላት አልቀርም። እትዬ አበበች ፊት ቆሜ ግን በሁለተኛው ቃል ላይ ድምፄ ተቆራረጠ። እንዲያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ተናገርኳት።

እትዬ አበበች አልጮኸችም። ዓይኗ ግን ያን ማለዳ ካየሁት ደስታ ባዶ ሲሆን አየሁ፤ ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጥሩነሽ ደብዳቤው ላይ ያለውን በቋንቋቸው ነገረቻት። እትዬ አበበች አንዴ አቋረጠቻት።

«ሰኔ ሃያ አንድ?» አለች በአማርኛ፣ ወደኔ ዞራ። «የሰኔ ማርያም?»

«አዎ እትዬ።»

«በእግሩ?»

«በእግሩ ነው የወጣው። ተጽፏል።»

አሰበች። ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ እንሰቷ እያየች ቆየች። ከዚያ ለጥሩነሽ አንድ ነገር መናገር ጀመረች፤ መሃል ላይ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ምንም ሳይገባኝ አያቸዋለሁ። ጥሩነሽ ኋላ ተረጎመችልኝ። የዚያን ዓመት የሰኔ ማርያም እትዬ አበበች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጭቃው አንሸራቷት በነጭ ልብሷ ተንከባለለች። ሴቶቹ ሳቁባት፤ እሷም መሬቱ ላይ እንደተቀመጠች አብራቸው ሳቀች። ከዚያ በኋላ ባሏ በሌለበት እንዲያ በመሳቋ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። «እሱ እየሞተ እኔ ሳቅኩ እያልኩ ነበር» አለቻት። «ለካ እኔ ስስቅ እሱ በእግሩ ይሄድ ነበር።»

ስንወጣ ማር ከነሰፈፉ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችን። አውቶቡስ መጠበቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተወች። መጠበቅን ተወች አላልኩም።

ቅጹን በሦስተኛው ዓምድ የሞላሁት ያን ቀን ወንዙ ዳር ተቀምጬ ነው። ለሐኪሙ አንድ ባዶ ቦታ መሙላት ነበር፤ ለእትዬ አበበች ግን ከቀኖቿ ሁሉ የሚያዝ አንድ ቀን ሆነላት። ማሩ እጃችን ላይ ፈሶ፣ ወረቀቱን እንዳላበላሽ ጥሩነሽ ጫፉን ይዛልኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይህችን ልጅ ካላገባሁ ብዬ የወሰንኩት። ለመናገር ግን ሌላ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ስነግራት «ይህንንስ በምን አወቅክ?» አለችኝ።

ወልዴ አልተመለሰም። መሞቱንም የነገረን የለም። ጥሩነሽ ሺሺንዳ በሠራችባቸው ዓመታት መዝገቡ ሲያረጅ ሁለት ጊዜ በአዲስ ተተካ። ሁለቱንም ጊዜ የወልዴን ስም በእጇ ገልብጣዋለች፤ ከጎኑም በእርሳስ «ሰኔ ማርያም» ብላ ጽፋለች። እኔ ጋ ቦንጋ ከገባች በኋላም ሰኔ ሃያ አንድ በመጣ ቁጥር፣ ጠዋት ነጠላዋን እየለበሰች «ዛሬ የወልዴ ቀን ነው» ትለኝ ነበር። የመጨረሻው ሰኔዋ ላይ መነሣት አልቻለችም። አልጋው ላይ ሆና «የወልዴ ቀን» አለችኝ። እኔ ቀኑን ረስቼው ነበር።

ሄለን ረቡዕ በተመሳሳይ ሰዓት ደወለች። ጠዋቱን ሙሉ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ከፊቱ ተቀምጬ ነበር። ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሣሁት። ከሰላምታው በኋላ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር አፌ ላይ የመጣችው ያቺው የድሮዋ ቃል ናት። «አለች» ልል ነበር። ያን ጊዜ የሰማሁት የወንዙን ድምፅ ነው፤ ጥሩነሽ እዚያ ድንጋይ ጋ ቆማ «በምን አወቅክ?» ብላ የጠየቀችኝን። ማንም ባይመረምረኝ እሷ ትመረምረኛለች። እሷ ሞታም ቢሆን የተሳሳተ መዝገብ አትወድም።

«ልጄ፣ ጥሩነሽ አርፋለች» አልኩ። ያረፈችበትንም ቀን ነገርኳት።

ድሮ ከሽማግሌ ጋር ሆነን፣ ጋቢ ተከናንበን ለሰው እናረዳ ነበር። ዛሬ እኔ ብቻዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ ለአንዲት ለማላውቃት ልጅ አረዳሁ። መሞቷን በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በለቅሶው ሰሞን ሌሎች ናቸው ለሰው ሁሉ የተናገሩልኝ፤ እኔ አንገቴን ስነቀንቅ ነው የከረምኩት።

ሄለን «ነፍስ ይማር ጋሽ ታምሩ። እግዜር ያጽናዎት» አለች። ቁልፍ ስትመታ ይሰማኛል። ቀኑን እየጻፈች ነው።

«ልጄ፣ ቅጻችሁ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየበት ቀን የሚል ቦታ አሁንም አለ?»

«አለ ጋሼ። እሱ ግን ላልተገኙ ሰዎች ነው። እትዬ ጥሩነሽን ነግረውኛል።»

«እውነትሽን ነው» አልኳት።

«ታዲያ ስልካቸውን ከዝርዝራችን ላውጣው? ሁለተኛ ደውለን እንዳናስቸግርዎ ነው።»

«አውጪው ልጄ።»

ትክክለኛው መልስ እሱ ነው፤ ጥሩነሽም እንዲያ ነበር የምትለው። በመዝገቡ በኩል የቀረ ነገር የለም። እኔ ግን የዚያን ወንዝ ድንጋይ፣ ጨው የጎደለውን ጎደሬ፣ «የምንሸኘው አንተን ነው ጫማህን?» የሚለውን ድምፅ የምጽፍበት ዓምድ የለኝም። ናፍቃኛለች። ከዚህ የበለጠ የምለው ቃል አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ የግራ ኪሴ ስልክ አልጠራም። ዛሬም ቻርጅ አድርጌዋለሁ።